ባለ በረባሶዋ ወንበር

ሥራዬን ለጠየቀኝ ስነግረው ይስቃል፤
ቦርከና ዳር፣ ከድልድዩ በታች፣ ቁጭ ይባላል፣
ውሃው ውስጥ የቆመ ባለ ቁጥር ብረት በዓይን ይነበባል፣
ጧት አንዴ፣ ማታ አንዴ፣ ደብተር ላይ ይሰፍራል።
ክረምት ሲገባ ግን በየሰዓቱ ነው።
የሚያዘኝ ቢሮው አይደለም፤
ጦሳ ላይ የተኛው ደመና ነው።

ቁጭ ለማለት ወንበር፣
ወንበር ለመሸከም ጀርባ ያስፈልጋል፤
የኔ ጀርባ ሃምሳ ሁለት ክረምት ቆጥሯል፣
መንገዱም ቁልቁል ነው፣ ያንሸራትታል።

መጀመሪያ የዋንዛ ዱካ ይዤ ወረድኩ፤
ዱካው ደህና ነበር፣ እኔ ነኝ የጎበጥኩ።
ቀጥሎ ከሻይ ቤት ፕላስቲክ ተዋስኩ፤
አንድ እግሩን ጭቃው አስቀረው፣
በሦስት እግር መለስኩ።

ከዚያ ደሴ ወጣሁ፣ ሰኞ ገበያ፣
ሙህዬ ዘንድ፣ ቦንዳ የሚፈታበት ጋ።
ከጃኬትና ከድንኳን ክምር ሥር መዘዛት፤
ቀጫጭን ቱቦ፣ አረንጓዴ ሸራ፣
ከአንድ ኪሎ ስኳር ብዙም የማትከብድ፣
ተጣጥፋ ከጃንጥላዬ ጋር ብብቴ ሥር የምትሄድ።
«የሽርሽር ናት» አለኝ፣ «ሣር ላይ ይዝናኑባታል።»
«ይዝናኑ፤ እኔ ጎርፍ እቆጥርባታለሁ» ብዬ ከፈልኩ።

ሐምሌ ሦስት። ተቀመጥኩ።
አራቱ እግሮቿ እንደ እስክሪብቶ ደለሉን ወጉት፤
መጀመሪያ የኋላ ቀኙ፣
ቀጥሎ የኋላ ግራው፣
ቀስ ብሎ፣ በጨዋ ደንብ፣ ይቅርታ እየጠየቀ ይመስል።
ከዝቅታ ሲያዩት ትንሹ ሞገድ ቁጥሩን ይሸፍናል።
«ውሃው በሁለት ጣት ጨመረ» ብዬ ጻፍኩ፤
ውሃው እዚያው ነበር፣
እኔ ነኝ የሰመጥኩ።

የይመር ብየዳ ቤት
የጂቡቲ መኪኖች ጎማ የሚቀይሩበት ጥግ ነው።
ወንበሬን ገልብጦ ዓየና ሳቀ፦
«ይቺ'ኮ ባዶ እግሯን ነው የወረደችው!
ከባቲ የሚመጣ ግመል ዓይተሽ አታውቂም?
ያ ሁሉ ሬሳ ከብዶት ለምን አይሰምጥም?
የሱ እግር ሳህን ነው፣ የዚች እግር መርፌ።
ብረት ልጨምርላት?»
«ክብደቷን ከነካህ ተጣላን» አልኩት።

የለስላሳ ቆርኪ ሞከርን፤ ጭቃው እንደ ክኒን ዋጠው።
የቲማቲም ቆርቆሮ ክዳን ሞከርን፤
አልሰመጠም፣ ግን ስነሣ መሬቱ ጠብቶ ያዘው፣
ልጎትት ብል ጯ ብሎ ሁለቱን አስቀረው።

በሦስተኛው ቀን ይመር ከተጣለ የካሚዮን ጎማ
አራት ክብ ቆረጠ፣ መዳፍ መዳፍ የሚያህሉ፤
መሐላቸውን እስከ ግማሽ ብቻ ሰረሰረ፣
ጠርዛቸውን በወስፌ በሳሳ፣ ጭቃው ትንፋሽ እንዲያገኝ፤
የኋላ እግሮቿን በጠፍር አሰረ፣ እንዳይፈረከሱ።
«በረባሶ አጫማኋት» አለ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፤
«አሁን የኮምቦልቻ ልጅ ሆነች።»

ነሐሴ መጨረሻ፣ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ላይ
ቦርከና ድምፁን ቀየረ።
ባትሪዬን አበራሁ። ተቀመጥኩ።
ወንበሬ ትንሽ አቃሰተች፣ ቆመች።
ቁጥሩን ዓየሁት፤ ጥርጥር አልገባኝም፤
ወደ ታች ላሉት ደወልኩ፦ «ከብቶቹን አውጡ፣ አሁን!»
«እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ።
ለመጀመሪያ ጊዜ፣
የተቀመጥኩበትን ወደ ታች ሳላይ፣ «አዎ» አልኩ።

አሁን ደብተሬ ሁለት ረድፍ አለው።
ከቢሮ የመጣው ልጅ በጣቱ ነክቶ
«ይህ ሁለተኛው ምንድን ነው?» አለኝ።
«መሬት ስንት እንደዋጠኝ ነው» አልኩት፤
የወንበሬን እግር አሳየሁት፣
በጥፍር ቀለም ያሰመርኩትን ልክ።
አልሳቀም። ጻፈው።

ዛሬ፦ ውሃ፣ አንድ ሜትር ከአርባ።
እኔ፦ ግማሽ ጣት።
የኋላ ግራው ጎማ ላልቷል፤
ነገ ለይመር ልውሰድለት።